ወገብ ማዞሩን ተዉትና ሁላ ሁፕ ተማሩ

"ሁላ ሁፕ ለኔ አይሆንም፣ ሞክሬ አልቻልኩም" የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው በማን ሁፕ (ወገብ ላይ በሚዞረው ቀለበት) እንደሞከረ ነው። መልሱ ሁሌ ያው ነው፣ በልጄ፣ በእህቴ ልጅ፣ በጎረቤት ልጅ። በቃ ነገሩ እዛው ጋ ነው የተበላሸው።

እኔም እንደዛው ነበርኩ። የልጄን ሮዝ ሁፕ፣ ያቺን ላባ የምታክል ውስጧ የሆነ ነገር ኮሽ ኮሽ የሚል፣ አንስቼ ገባሁበትና እንደ ዳንሰኛ ዳሌዬን ማሽከርከር ስጀምር ሁለት ዙር እንኳን ሳትሞላ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጧ! ልጄ ሳቀች። ደገምኩት፣ ጧ! አምስት ስድስቴ እንደዛ ሆነና "እኔ ለዚ አልተፈጠርኩም" ብዬ ትቼው ሁለት አመት ምናምን አለፈ። ከዛ ጓደኛዬ ቤት መሬት ላይ ሲቆም ደረቴ ስር የሚደርስ ትልቅ ሁፕ አየሁና "ይሄ ደግሞ የዝሆን ነው?" ብዬ ለቀልድ ገባሁበት፣ ሩብ ሰአት ሳይሞላ ወገቤ ላይ ሲዞር እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ሰውነቴ ያው ነበር፣ ዳሌም አላወጣሁም፣ የተቀየረው ቀለበቱ ነው። እሱና አንድ ሌላ ነገር፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ሁፑ

ብዙ ሰው ትንሽ ሁፕ ስለሚቀል ይቀለኛል ብሎ ያስባል። ተቃራኒው ነው። ትልቅ ሁፕ አንድ ዙር ለመጨረስ ረጅም መንገድ ስላለው ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፣ ትንሽ ከበድ ሲል ደግሞ አንዴ መዞር ከጀመረ ቶሎ አይቆምም፣ እና እናንተ "አሁን ሆዴ ጋ ደረሰ፣ አሁን ጀርባዬ ጋ ደረሰ" ለማለት ጊዜ ታገኛላችሁ። የልጅ ሁፕ ያንን ጊዜ አይሰጣችሁም፣ እንደ እንዝርት ይሾርና ሳታስቡት እግራችሁ ስር ነው።

አመራረጡ ቀላል ነው፣ ሁፑን ከፊታችሁ መሬት ላይ አቁሙት፣ ጫፉ ከእምብርታችሁ በላይ ከደረታችሁ በታች የሆነ ቦታ ላይ ካረፈ ልካችሁ ነው። ለአብዛኛው አዋቂ ይሄ ከ95 እስከ 105 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ነው፣ ረጅም ወይ ሞላ ያለ ሰው 110ም ቢሄድ ያምርበታል እንጂ አይጎዳውም። ክብደቱ ከ600 ግራም እስከ 1 ኪሎ ቢሆን ለመጀመሪያ በቂ ነው። ቲቪ ላይ ጂምናስቲክ የሚሰሩት ልጆች የሚወረውሩትን አይታችሁ አትሸወዱ፣ የነሱ ሁፕ ውስጡ ከ80 እስከ 90 ሳንቲሜትር ሆኖ ከ300 ግራም ጀምሮ ነው፣ እነሱ አየር ላይ ወርውረው ተገለባብጠው ነው የሚቀልቡት፣ እኛ ገና መቆም እየተማርን ነው።

2 ኪሎ 3 ኪሎ የሚመዝኑ ውስጣቸው ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ሁፖች "የወገብ ማሳጅ" እየተባሉ ይሸጣሉ፣ ለጀማሪ አልመክርም። መጀመሪያ ላይ ይቀላሉ፣ እውነት ነው፣ ግን በሁለተኛው ቀን ወገባችሁን በመስታወት ስታዩት የተደበደበ ሰው ትመስላላችሁ። ሌላ ደግሞ ወገብ ላይ ተቆልፎ ትንሽ ክብደት በገመድ ተንጠልጥላ የምትዞርበት "ስማርት ሁፕ" የሚሉት አለ፣ እሱ መቼም አይወድቅም። ላብ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ምንም አይደል ተጠቀሙበት፣ ግን የማይወድቅ ሁፕ ምንም አያስተምርም፣ ለኔ ደስታው ግማሹ "ይወድቃል አይወድቅም" የሚለው ነው።

መግዛት ካልፈለጋችሁ እቤት መስራት ይቻላል፣ እኔ አሁን የምጠቀመው ራሴ የሰራሁትን ነው። ለመስኖ የሚሆነው ጥቁሩ ተጣጣፊ የፖሊኢትሊን ቧንቧ፣ ውፍረቱ 20 ወይ 25 ሚሊሜትር የሆነ፣ እና የሱ ልክ የሆነ የቧንቧ መቀጠያ ያስፈልጋችኋል። ርዝመቱ የምትፈልጉት ስፋት ሲባዛ በ3.14 ነው፣ የ1 ሜትር ሁፕ ከፈለጋችሁ 3 ሜትር ከ14 ሳንቲ ትቆርጣላችሁ። ጫፉ በጣም ግትር ስለሆነ መቀጠያው በደረቁ አይገባም፣ የፈላ ውሃ በኩባያ አድርጋችሁ ጫፉን ግማሽ ደቂቃ ያህል ንከሩትና ለስለስ ሲል ቶሎ ብላችሁ መቀጠያውን እያጠማዘዛችሁ ግፉ፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ነክሶ ይይዘዋል። ከዛ ሌላኛውን ጫፍ እንደዛው። ጨርቅ ይዛችሁ አድርጉት፣ እኔ በባዶ እጄ ሞክሬ አውራ ጣቴን ላጥኩት። መጨረሻ ላይ የጨርቅ ቴፕ እንደ ሸንኮራ ከረሜላ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ ዙሪያውን ጠቅልሉት፣ ይሄ ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ልሙጥ ፕላስቲክ ልብስ ላይ ይንሸራተታል፣ ቴፑ ግን ሰውነት ላይ ይይዛል።

በነገራችን ላይ መጀመሪያውኑ ሁላ ሁፕ ከቧንቧ ብዙም የራቀ ነገር አልነበረም። አውስትራሊያ ውስጥ ልጆች በስፖርት ክፍለ ጊዜ የቀርከሃ ቀለበት ወገባቸው ላይ ያዞሩ ነበር፣ ይሄን የሰሙት የዋም ኦ የመጫወቻ ኩባንያ ባለቤቶች ሪቻርድ ነርና አርተር ሜሊን ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 ከፖሊኢትሊን ሰርተው ለገበያ አወጡት፣ በአራት ወር ውስጥ ወደ 25 ሚሊዮን ተሸጠ ይባላል። "ሁላ" የሚለው ስም ከሃዋይ ጭፈራ የመጣ ነው። እንግዲ ይሄ ስም ነው መሰለኝ ሰውን ሁሉ ዳሌ ወደ ማዞር የወሰደው።

ማዞር ሳይሆን መግፋት

ያልኳችሁ ሌላኛው ነገር ይሄ ነው። ሁፕ ለማዞር ወገብ አይዞርም! ከውጪ ሲታይ የሚዞር ይመስላል፣ ግን ጎበዝ የሆነ ሰው ቪዲዮ ስሎው ሞሽን አድርጋችሁ ብታዩ ወገቡ ወይ ፊትና ኋላ ወይ ግራና ቀኝ ነው የሚሄደው፣ ያውም በትንሹ። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጣችሁ ገፍታችሁ ታውቁ የለ? አብራችሁት አትሄዱም፣ ወደናንተ ሲመጣ ጠብቃችሁ ገፋ ታደርጉታላችሁ፣ ያው ነው። ሁፑ ሰውነታችሁን የሚነካው ባንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ያ የሚነካው ቦታ ነው ዙሪያችሁን እየተንከባለለ የሚሄደው፣ እና ሆዳችሁ ጋ ሲደርስ ሆዳችሁን ወደፊት ትገፋላችሁ፣ ጀርባችሁ ጋ ሲደርስ ወደኋላ። ፊት፣ ኋላ። ሌላ ሚስጥር የለውም።

አሁን ሁፑን ይዛችሁ ግቡበት። አንድ እግር ግማሽ እርምጃ ይቅደም፣ የትኛው እንደሚመቻችሁ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ፣ ጉልበታችሁ ትንሽ ለስለስ ይበል፣ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ድርቅ አትበሉ። ሁፑን በሁለት እጅ ይዛችሁ ከኋላ፣ ከዳሌ አጥንት በላይ እምብርት ትይዩ፣ ጀርባችሁ ላይ ልጥፍ አድርጉት። እዚ ጋ አትቸኩሉ፣ አንዴ እዩት፣ ቀለበቱ ዙሪያውን ልክ ነው ወይስ ከፊት በኩል ወደ መሬት ዘንበል ብሏል? ዘንበል ብሎ የተነሳ ሁፕ እስኪወድቅ ድረስ ዘንበል እንዳለ ነው። ልክ ሲሆን ወደ አንድ ጎን በደንብ፣ ከምታስቡት በላይ በደንብ፣ ሰውነታችሁን እንደተጠጋ አሽከርክሩትና እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ። ብዙ ጀማሪ ሁፑን የሚለቀው እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ነው፣ እንደዛ አይሆንም፣ ጠንከር አርጉት።

ወዲያው ሆዳችሁ ላይ ሲያልፍ ይሰማችኋል። ያቺን ነው መጠበቅ ያለባችሁ። በአይን አትፈልጉት፣ ወደ ታች ስታዩ አንገታችሁ ይጎብጣል፣ ወገባችሁ ይታጠፋል፣ ሁፑም ይሄዳል። ግድግዳ ላይ የሆነ ነገር ምረጡና እሱን እያያችሁ በሆዳችሁ ብቻ አዳምጡት። እኔን የገባኝ አንድ ማታ መብራት አጥፍቼ ስሞክር ነው፣ ሁፑ አይታየኝም፣ ግን ጀርባ ጎን ሆድ ጎን እያለ ሲዞር እያንዳንዷን ነገር እቆጥራት ነበር፣ ከዛ በኋላ እኔና ሁፑ ተግባባን። (በዛው ማታ የጠረጴዛ መብራት ሰብሬያለሁ፣ መጀመሪያ ዙሪያችሁን አጽዱ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ስትዞሩ የምትነኩት ነገር ካለ ሁፑም ይነካዋል።)

አቅጣጫውን በተመለከተ፣ ብዙ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ወደ ግራ ማዞር ይቀለዋል፣ ግን ህግ አይደለም፣ ሁለቱንም ሞክራችሁ የቀለላችሁን ያዙ። ሌላኛውን ወገን በኋላ ትማሩታላችሁ፣ ሲጀመር እንደገና ጀማሪ የሆናችሁ ነው የሚመስላችሁ፣ ቢሆንም ተማሩት፣ ሁሌ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ የሰውነታችሁ አንዱ ጎን ነው ይበልጥ የሚሰራው።

ሁፑ መውረድ ሲጀምር ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ስህተት ተስፋ ቆርጦ መቆም ነው። ዳሌ ላይ እስካለ ድረስ ገና አልሞተም! ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉና ከስሩ ግቡለት፣ ግፊያችሁን ፈጠን አድርጉ፣ ከዛ ሁፑ ወደሚዞርበት አቅጣጫ እናንተም በእግራችሁ ዙሩ። አብራችሁት ስትዞሩ ለናንተ ሁፑ የዘገየ ያህል ይሆናል፣ ለመግፋት ጊዜ ይኖራችኋል። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር በጣም ነው የምትሰራው፣ እኔ ለማስተምረው ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ነው የምነግረው።

"ወገቤ ቀጥ ያለ ነው፣ ቅርጽ የለኝም" ለምትሉ፣ ነገሩ ትንሽ እውነት አለው። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ሮቦቶች ሰርተው ሁላ ሁፕ አስጨፍረዋቸው ነበር (ምን አይነት ስራ ነው ይሄ፣ ቀናሁ)፣ ያገኙት ነገር ሁፑን ማዞር ለሁሉም ቅርጽ እንደሚቻል፣ ሳይወርድ ላይ ለማቆየት ግን ወደ ታች ሰፋ የሚል ዳሌና ሰርጎድ ያለ ወገብ እንደሚያግዝ ነው። ስለዚህ ወገቡ ቀጥ ያለ ሰው አይችልም ማለት ሳይሆን ፈጠን ማለትና ትንሽ በርትቶ መግፋት አለበት ማለት ነው፣ ሰፋ ያለ ሁፕም ይውሰድ።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም፣ ጠበብ ያለ የጥጥ ቲሸርት ይሻላል፣ ሐር የመሰለ የሚያንሸራትት የስፖርት ልብስ አይሆንም፣ ሆድ ገልጦ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይይዛል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ወለሉ ላይ ወፍራም ብርድልብስ ወይ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ያ ጧ የሚለው ድምጽ ከታች ላለው ሰው ጣራው እየተቀጠቀጠ ነው የሚመስለው፣ እኔ አንዴ ከስር በመጥረጊያ እንጨት ተንኳኩቶብኛል።

ስንት ደቂቃ፣ ምንስ ይጠቅማል

የመጀመሪያው ሳምንት በቀን አስር ደቂቃ ይበቃል፣ የበለጠ አትስሩ፣ ጉጉቱ ይገባኛል ግን ሁለተኛው ቀን ወገባችሁ ዙሪያ ሲነኩት የሚያም ነገር ይኖራል፣ ትንሽ ሊበልዝም ይችላል። ቆዳው እስኪለምድ ነው፣ ካመማችሁ አንድ ሁለት ቀን አርፋችሁ ተመለሱ። ህመሙ ቆዳ ላይ ሳይሆን ውስጥ፣ አከርካሪ አካባቢ ከሆነ ግን እሱ መልመድ አይደለም፣ አቁሙ። የዲስክ ችግር ያለባችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁ ወይ በቅርብ የወለዳችሁ፣ ሆድ ላይ ኦፕራሲዮን የነበራችሁ፣ አጥንታችሁ ሳስቷል የተባላችሁ፣ ቀድማችሁ ሀኪማችሁን ጠይቁ።

ስለ ጥቅሙ ኢንተርኔት ላይ የማይባል ነገር የለም፣ "በሳምንት ቦርጭ ደህና ሰንብት" ምናምን። ቁጥር ከፈለጋችሁ፣ የአሜሪካ የኤክሰርሳይዝ ምክር ቤት ባሰራው ጥናት 16 ሴቶች ለ30 ደቂቃ ሁፕ ሲሰሩ ተለክተው የልብ ምታቸው በአማካይ በደቂቃ 151 ደርሶ በደቂቃ ወደ 7 ካሎሪ አቃጥለዋል፣ በግማሽ ሰአት 210 ገደማ መሆኑ ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ የሰሩት ሙሉ የሁፕ ክላስ ነው፣ ቲቪ እያዩ ቆሞ ማዞር እዛ አያደርስም። ሌላው ፊንላንድ ውስጥ የተሰራ ነው፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሰዎች ለ6 ሳምንት 1.5 ኪሎ ሁፕ በቀን 13 ደቂቃ ያህል ሲያዞሩ፣ በሌላው 6 ሳምንት ደግሞ በቀን ወደ 10,000 እርምጃ ሲራመዱ ተነጻጸረ፣ በሁፑ ጊዜ የወገባቸው ዙሪያ ወደ 3 ሳንቲሜትር ቀነሰ። የሰውነት ክብደታቸው ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። እኔም ላይ እንደዛው ነው የሆነው፣ ሚዛን ላይ ብትወጡ ምንም የለም፣ ሱሪያችሁ ግን ያውቃል።

የአለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው የሚመክረው። ጂም ተመዝግቤ ያንን ሞልቼ አላውቅም፣ ሶስት ሳምንት ሄጄ የመታጠቢያውን ሰልፍ ጠልቼ ነው የቀረሁት። ሁፑ ግን ሻይ እስኪፈላ አንድ ዘፈን፣ ስልክ ላይ ከእህቴ ጋ ሳወራ (በስፒከር) ሌላ ሃያ ደቂቃ፣ እንዲ እንዲ እያለ ይሞላል። ጭንቅላት ላይ ደግሞ የሚያደርገው ነገር አለ፣ ስትጀምሩ ሌላ ነገር ማሰብ አትችሉም፣ የስራ ኢሜይል ካሰባችሁ ይወድቃል፣ በቃ ወዲያው ይነግራችኋል። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ መጥቼ ሁፑ አምስቴ ወድቆብኝ በራሴ ስቄ የተኛሁበት ቀን ብዙ ነው።

ሁለት ሶስት ደቂቃ ሳይወድቅ መቆየት ከቻላችሁ ቆሞ ማዞር ይሰለቻል፣ መራመድ ጀምሩ። መጀመሪያ ተረከዝ ብቻ አንሱ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ የእግራችሁ ምት ከሁፑ ምት ጋ ሲገጥም አንድ እርምጃ፣ ከዛ ሁለት። ሲቀጥል እጃችሁን ወደ ላይ ወደ ጎን እያደረጋችሁ በዘፈን ነው። ወደ ደረት ማውጣት ከባዱ ነው፣ ሁፑ ወገብ ላይ እያለ ፍጥነቱን ጨምራችሁ ቀስ በቀስ ጉልበታችሁን አጠፍ እያደረጋችሁ ደረታችሁን ወደሱ ታወርዳላችሁ እንጂ ሁፑን ወደ ላይ አትወረውሩትም፣ ይሄን ለመረዳት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። እጅ ላይ ማዞር ለብቻው ሌላ አለም ነው፣ እሱን ስትጀምሩ ያን ጊዜ ቀለል ያለ ትንሽ ሁፕ ግዙ። ማራዋ ኢብራሂም የምትባለዋ አውስትራሊያዊት እ.ኤ.አ. በ2015 ባንዴ 200 ሁፕ አዙራ ሪከርድ ሰብራ ነበር፣ እኔ ሶስት ላይ ነኝ።

አቀማመጡን ደግሞ እንዳትረሱ፣ ቁምሳጥን ጀርባ የገባ ሁፕ ከወር በኋላ ነው የሚወጣው፣ በር ላይ ወይ ወጥ ቤት መግቢያ ምስማር ላይ ስቀሉት። ጸሀይ ላይ ግድግዳ አስደግፋችሁ ግን አትተዉት፣ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ይለሰልስና እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከሆነባችሁም አትጣሉት፣ እንደገና ጸሀይ ላይ አሙቁትና በረዘመበት በኩል መሬት ላይ አቁማችሁ ከላይ በእጃችሁ ጫን እያደረጋችሁ ክብ ሲሆን ጥላ ውስጥ መሬት ላይ አስተኝታችሁ አቀዝቅዙት።